በፈለጅ ዳር የተነበቡት አሥራ ሁለት ቃላት

ኢዝኪ፣ ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው

ከዓይኔ ርቀህ ከልቤ ላልራቅከው ልጄ ለሐምዳን፤

እንዴት ከርመሃል? የመንቸስተር ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትህን ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን ጤነኛ ነው።

ባለፈው በስልክ ያስረዳኸኝን ሳሰላስል ከረምኩ። የዚያ የዲጂታል ገንዘብህ መዝገብ በአንድ ባንክ እጅ አይደለም አልክ። ግልባጩ በሺህ ሰው ዘንድ አለ፤ እያንዳንዱ ገጽ የፊተኛውን ገጽ ማኅተም ይዞ ይሄዳል፤ አንዱን የነካካ እንደሆነ ማኅተሙ አልገጥም ይላል፣ የሌሎቹም ግልባጭ ያጋልጠዋል። እኔም "ይሄማ የኛው ፈለጅ ነው!" ብዬ ሳቅኩብህ። በፈለጁ ቦይ ከተራራ ሥር የሚመጣውን ውሃ ስንካፈል፣ የውሃ አባቱ ባለተራውን በስም ሲጠራ መንደሩ በሙሉ ይሰማል። ቢዋሽ ጆሮ ሁሉ ይመሰክርበታል።

ታዲያ ስትሄድ "ለክፉ ቀን" ብለህ የሰጠኸኝን፣ የዚያ ገንዘብህ አሥራ ሁለት ቃላት ያሉባትን ወረቀት አወጣሁ። ሰው የሰማው ንብረት አይጠፋም ብዬ፣ አርብ ተራ ሲጠራ ፈለጁ ዳር ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኳት! "ይህ የልጄ የሐምዳን ነው፤ ምስክር ሁኑ!" አልኩ። ሰዉም "ሰምተናል!" አለ።

የጎረቤታችን ልጅ ናስራ፣ የሒሳብ አስተማሪዋ፣ በዚያ ስታልፍ ሰምታ እየሮጠች መጣች።

"አጎቴ ሰይፍ፣ ምን ጉድ ሠሩ! የሁሉ የሆነው እኮ መዝገቡ ነው። ቃላቱ የሱ የብቻው ቁልፍ ናቸው፤ የሰማ ሁሉ ከፍቶ ይወስደዋል። ቶሎ ይደውሉለት፣ ወደ ሌላ ያዛውረው!"

"ጎተራውን ለአገር አሳይታችሁ ቁልፉን ትደብቃላችሁ?"

"ማየትና መውሰድ ለየቅል ነው፣ አጎቴ።"

ወዲያው ደወልኩልህ። አንተ ግን ሳቅህ። "አይዞህ አባዬ፣ ምንም አይደል" አልከኝ። ልጄ፣ ጎተራው የሞላ ሰው ቁልፉን ገበያ ላይ ሲጥሉበት አይስቅም።

ናስራን "እስቲ አሳዪኝ" አልኳት። ከወረቀቷ ራስጌ የጻፍከውን የሒሳብ ቁጥር ስልኳ ላይ አስገባች፤ ማየት ለማንም አይከለከልም። ከዚያ ስልኩን ከእኔ መለስ አደረገችው።

"ባዶ ነው?"

"ከአምና ጀምሮ" አለችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ።

ወላሂ ለገንዘቡ አልከፋኝም። "ሲሞላልኝ እመጣለሁ" እያልክ ዒድ በዒድ ላይ ያለፈህ ለዚህ መሆኑን ሳውቅ ነው ሆዴ የባባው። ከስረህም ሆነ ተታልለህ፣ ወይ ቸግሮህ በልተኸው፣ አልጠይቅህም። ለእናትህ አልነገርኳትም። ናስራም አፏ ጥብቅ ነው። የቀረው ሰው ቃላቱን ገና መንገድ ላይ ረስቷቸዋል።

የአያትህ የውሃ ድርሻ በስምህ መሆኑን አትርሳ። አርብ አርብ የውሃ አባቱ "ሐምዳን ቢን ሰይፍ!" ብሎ ሲጣራ "አለ!" እያልኩ የምመልሰው እኔ ነኝ። ይሄን ያህል ዘመን መንደሩ ሁሉ እየሰማ፣ "የታለ?" ያለኝ አንድ ሰው የለም። አሁን ግን ድምፄ እየደከመ ነው። ባዶ እጅህን ና፣ ልጄ። መጥተህ ራስህ "አለሁ" በል።

አላህ ከሰው አገር ብርድ ይሰውርህ፣ መንገድህን ያቅናልህ።

ስምህ በተጠራ ቁጥር የሚመልስልህ
አባትህ ሰይፍ