አያቴ አምስት ከአምስት አመጣች

ይድረስ ለተከበሩ የአረጋውያን የቤት ለቤት እንክብካቤ ክፍል ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ፣ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎስ፣ ጉልበትዎስ፣ ያ የሚሽከረከረው የቢሮ ወንበርዎስ ደህና ነው? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ስል ግን አደራ እንዳይመዘግቡብኝ፤ እናንተ ቤት "ደህና ነኝ" ያለ ሰው ምን እንደሚደርስበት አይቻለሁ። ደብዳቤውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ የጻፍኩትም ለክፋት አይደለም፤ የታሸገ ደብዳቤ ጠረጴዛዎ ላይ በዝቶብዎታል ሲሉ ሰምቼ ነው።

ማን ነህ ካሉኝ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ጎማ የምጠግን፣ በሰፈሩ "ክሪክ" የምባል ሰው ነኝ። የመኪና ማንሻው ሲበላሽ የሚጠሩት እኔን ነዋ። ትምህርቱ ብዙም አልገፋልኝም፣ ክንዴ ግን ሌላ ነው፤ የከባድ መኪና ጎማ ብቻዬን አንስቼ ስሰቅል ሾፌሮች አፋቸውን ከፍተው ነው የሚያዩኝ። ይህን የምነግርዎ ልኮራብዎ ብዬ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ልኮራብዎም ነው።

ዋናው ጉዳዬ ምስጋና ነው። መሥሪያ ቤትዎ ያሳደገችኝን አያቴን "የኑሮ ጥራት" በሚባል መለኪያ ለክቶ አምስት ከአምስት ሰጥቷታል። በዘራችን እንዲህ ያለ ውጤት ያመጣ ሰው የለም፤ እኔ እንኳ ትምህርት ቤት ሳለሁ ሙሉ ያገኘሁት በስፖርት ብቻ ነው። ሽልማቱ ግን ትንሽ ግራ አጋባኝ። ሳምንት ሁለቴ እየመጣች ገላዋን የምታጥባትን፣ ጸጉሯን የምታበጥርላትን ረዳት ወሰዳችሁባት። ደስተኛ ስለሆነች ረዳት አያስፈልጋትም ተባለ። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ልደርድረው።

አንደኛ፣ ስለ ባለሙያው ጆሮ። የላኩት ወጣት ታብሌቱን ጭኑ ላይ አድርጎ በሕይወቷ ምን ያህል ደስተኛ እንደሆነች ጠየቃት። "ተመስገን" አለች። አምስት። ሕመም ያስቸግራት እንደሆነ ጠየቃት። "ምን ይደረጋል ልጄ፣ ተመስገን" አለች። አምስት። ክቡርነትዎ፣ ይህች ሴትዮ እግሯ ተሰብሮ ሐኪም ቤት ተሸክሜ ያስገባኋት ዕለት፣ እንዴት ነዎት ያላትን ሐኪም "አንተ እንዴት ነህ፣ ልጆች ደህና ናቸው?" ያለች ናት። እሷ ዘንድ እንግዳ ፊት ማማረር፣ እንግዳ ፊት ላይ እንደ መትፋት ነው። የመብራት ቆጣሪ ለሚያነበው ሰውዬም ተመስገን ትለዋለች፤ እሱ ግን አመስግኗት ሲያበቃ ገብቶ ቆጣሪውን ያያል።

ሁለተኛ፣ ስለ ባለሙያው ዓይን። "ንጹሕ ናቸው፣ ጸጉራቸው ተበጥሯል፣ ልብሳቸው ተተኩሷል" ብሎ ጽፏል። ውሸት የለበትም። "ሰው ሊመጣ ነው" ብላ ረዳቷን ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ አላስባለቻትም፤ ታጠበች፣ ተቀባች፣ ተበጠረች። ወጣቱ የረዳቷን ሥራ በዓይኑ አይቶ፣ ረዳት አያስፈልጋትም ብሎ ሄደ። እኔ ጋ ጎማውን አስነፍቶ ሲያበቃ "ጎማዬ ሙሉ ነው፣ ጎሚስታ ምን ያደርግልኛል" ያለኝ ሾፌር እስካሁን አልገጠመኝም፤ ሾፌር ደግሞ የማያመጣብኝ ጉድ የለም።

ሦስተኛ፣ ስለ ድፍረቱ። በዕድሜ የልጅ ልጇ የሚሆን ያ ጎረምሳ፣ ገላዋን ራሷ ትታጠብ እንደሆነ ፊት ለፊት ጠየቃት። ሻሿን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ "አዎ" አለች። ምን እንድትለው ፈልጎ ነበር? ማን ያግዝዎታል ሲላት ደግሞ "እግዚአብሔር" አለችው፤ "በቂ ድጋፍ አላቸው" ተብሎ ተጻፈ። ድጋፉን አልክድም፤ ግን እሱም ጀርባ የሚያሸው በሰው እጅ ነው። እኔም በመሐል ገብቼ "እኔ እያለሁ ምን ይጎድልባታል" ስላልኩ "የሙሉ ጊዜ ተንከባካቢ" ሆኜ ተመዝግቤያለሁ። ወንድ ልጅ እንዲህ ይላል፣ ክቡርነትዎ። እርስዎም ቤትዎ ሳይሉ አይቀሩም።

የቀረውን በቁጥር አልጽፈውም። ረዳቷ ከቀረች በኋላ ውሃ አሙቄ፣ ፎጣውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ ነይ ላጥብሽ አልኳት። ለማንሳቱማ ከትራስ አትከብደኝም። በዓይኗ ብቻ አቆመችኝ።

"አንተን ያጠብኩህ እኔ ነኝ። አንተ እኔን አታጥበኝም፤ ውሃውን ድፋው" አለች።

ደፋሁት። አሁን እጇ የደረሰበትን በእርጥብ ጨርቅ ትጠራርጋለች፤ ጀርባዋ ጋ አይደርስላትም። ድሮ ከማዶ ያለችው ጓደኛዋ ከሰዓት በኋላ እየመጣች፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የሰፈሩን ሰው አንድ ባንድ ያሙት ነበር። እኔ ሳልቀር እታማለሁ። ሳቃቸው መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። አሁን ጓደኛዋ ስታንኳኳ "ተኝታለች በላት" ትለኛለች። ለምን ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ "እሸታለሁ" አለችኝ። ይሄው ያን ሁሉ ጎማ የማነሳ ሰውዬ በሩ ላይ ቆሜ አንዲት አሮጊት እዋሻለሁ። ጓደኛዋም አመጣጧ እየራቀ ነው። ይሄኛው ከአምስት ስንት ይሰጠዋል?

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና እለምንዎታለሁ፣ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ለኩልኝ። ቀን ግን አትቁረጡ፤ ከቆረጣችሁ ሞታም ቢሆን ተሰናድታ ትጠብቃችኋለች። ወንድ ልጅም አትላኩ። አንዲት ሴት ትምጣና ታብሌቷን ቦርሳዋ ውስጥ ትታ፣ አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ "ጓደኛዎ ወዴት ጠፋች?" ትበላት። መልስ ባታገኝ እንኳ ዝምታዋን ትጻፈው። ከዚያ ረዳቷን መልሱልን፤ እኔም ከሹመቴ በደስታ እወርዳለሁ።

ከጎማ ሥር ተነስቼ፣ ወረቀቱ እንዳይቆሽሽብዎ እጄን በሳሙና ደጋግሜ አሽቼ፣ ለወንበርዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ የጻፍኩት፣

ክሪክ፣ የአምስት ከአምስቷ ሴትዮ የልጅ ልጅ

ሳልረሳው፦ ይህን ስጽፍ አያቴ አየችኝና ለማን እንደሆነ ጠየቀች። ለቢሮው ነው አልኳት። ለዚያ ወጣት ሰላምታ እንድጽፍላት፣ ከስቶም ስላየችው በደንብ ይበላ እንደሆነ እንድጠይቅላት አዘዘችኝ። ስለ አንቺስ ምን ልበል ብላት "ደህና ናት በል" አለች። ወዲያው በሩ ተንኳኳ፤ የጓደኛዋን ድምፅ ስትሰማ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ዝም እንድል ጠቀሰችኝ። ወጣቱ ይህችን ዝምታዋንም አምስት ብሎ ይመዝግብልኝ።