ያቺ ፈገግታ የእኔ ነበረች

አባዬ፣ አሰላሙ ዓለይኩም።

አንተ ያለህበት ቦታ ቴሌቪዥን እንደሌለ ተስፋ አደርጋለሁ። ካለም ቅዳሜ ቅዳሜ አጥፋው። ከተለየኸን አምስተኛ ወራችንን ይዘናል፤ እነዚያ ሰዎች ግን እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ አልቀበሩህም ነበር። እኛ አፈር አልብሰን የተመለስነውን ሰው እነሱ በየሳምንቱ ሶፋ ላይ አስቀምጠው ፈገግ ሲያሰኙት ከረሙ። ወይ አለማፈር!

ቤቱ ደህና ነው። ሱቅህን አጎቴ ይከፍታል፤ ጨርቅ ሲቆርጥ እንዳንተ አያስተካክልም፣ ደንበኞችህም ፊት ለፊቱ ይነግሩታል። እማዬ በረንዳ ላይ ያለውን ወንበርህን ማንም እንዲያነሳው አልፈቀደችም። ከቤታችን በላይ የነበረው ባሕር ዛፍ ተቆርጦ አሁን ከመስኮቴ እስከ እንጦጦ ማርያም ድረስ ወለል ብሎ ይታያል። አንተ «ይህ ዛፍ ባይኖር» እያልክ ስትመኘው የኖርከው ነገር አንተ ስትሄድ መጣ።

ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ካነበበው ግራ እንዳይገባው ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። አንተ ጨርቅ ነጋዴ ነበርክ። በወጣትነትህ በቀበሌ ኪነት የሠራሃትን አንዲት ድራማ እስኪሰለቸን ስትተርክልን ኖረህ፣ አንድ ቀን አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ዳይሬክተር ለቀረጻ የሚሆን መጋረጃ ሊገዛ ሱቅህ ገባ። ድምፅህን ሰማና መጋረጃውንም አንተንም ይዞ ሄደ። «አስረኛ መ» በሚሉት የታዳጊዎች ሲትኮም ላይ የቤቲ አባት አቶ ደምሴ ሆነህ ቀረህ። እማዬ ሰፈር ውስጥ የአቶ ደምሴ ሚስት ተባለች፤ ሥጋ ቤቱ ሳይቀር «አቶ ደምሴ ደህና ናቸው?» ይላት ነበር።

ድራማው ድራማ እንዳይመስልህ። አንተም አልመሰለህም ነበር፤ ቅዳሜ አብረን ቁጭ ብለን ስናየው ከእኔ በላይ የምትስቅበት አንተ ነበርክ። አስረኛ ክፍል ናቸው የተባሉት ተማሪዎች በልጅነት ቢወልዱ አስረኛ ክፍል የሚማር ልጅ ይኖራቸው ነበር። ዋናው ልጅ ፀጉሩ ከፊት መሸሽ ጀምሯል፤ ስለዚህ ካሜራው ከቅንድቡ በላይ አይወጣም። ቤቲ ከእንቅልፏ የምትነሳው ከንፈሯን ተቀብታ ነው። በየክፍሉ መጀመሪያ ድሮኗ ከባሕር ዛፉ በላይ ትነሳለች፣ የእንጦጦን ኮረብታ ትዞራለች፣ አንዲት ሰማያዊ ሚኒባስ ፀሐይ እየሞቃት ቁልቁል ትወርዳለች። ታሪኩ ክረምት ሆነ በጋ፣ ያቺው ሚኒባስ ናት። «ይህ ረዳት ዛሬም አልሞላለትም» እያልክ ታዝንለት ነበር።

ሳቁንስ ታስታውሳለህ? አንድ ሰው በር በከፈተ ቁጥር ከኮምፒውተር የሚለቁት ያ የሕዝብ ሳቅ። መሀሉ ላይ አንዲት ሴት ትስላለች፤ በሳቁ ቁጥር እሷም ትስላለች። «ይህችን ሴትዮ ሐኪም የሚያሳያት ሰው ጠፋ?» ብለህ እማዬን ሻይ አስተፍተሃታል። ሳቁ ለእኛ ሳይሆን ለእነሱ ነው እኮ፤ ቀልዱ የት ጋ እንዳለ ራሳቸውም እንዳይጠፋባቸው።

ጥፊ ከሆነ ደግሞ ሦስቴ ነው የሚደገመው፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከዚያ በስሎው ሞሽን። ልጁ ያልሰማ ይመስል። ከዚያ ማስታወቂያ፤ ከማስታወቂያው መልስ ቤቲ ጥፊውን ስታስታውስ፣ ዙሪያው በነጭ ጭጋግ ተከቦ፣ እንደገና ያሳዩናል። ምናለ ቢያምኑን! አሁን ያየነውን ነገር አሁን የምንረሳ ዶሮዎች አደረጉን። ቤቲ እንባዋ እየወረደ በድምጿ ደግሞ «ያን ቀን በጣም አለቀስኩ» ትለናለች። እያየንሽ አይደል እንዴ!

መጨረሻ ላይ ያንተ ተራ ይመጣል። ካሜራው ቀስ እያለ ወደ ፊትህ ይጠጋል፣ ፒያኖው ይጀምራል፣ አንተ ምክር ትሰጣለህ፣ ሁሉም ይፀፀታሉ። ፒያኖው ሲጀምር ሰው ሁሉ ዝም እንደሚል ስላወቅክ ቤት ውስጥ ስትቆጣን ራሱ በአፍህ ፒያኖ መምታት ጀምረህ ነበር። እማዬ አሁንም ሳህን ስታጥብ ሳታውቀው ያንን ዜማ ታንጎራጉራለች፤ ሲታወቃት ታቆማለች።

ሱቅህ ውስጥ ወድቀህ ሳትነሳ ስትቀር ቀረጻው ገና እኩሌታው ላይ ነበር። ሰው የሆነ ሰው «አቶ ደምሴ ሩቅ አገር ሄደ» ብሎ ይገላገላል። እነሱ ግን ለቅሶ ቤት መጥተው፣ የድንኳኑን ንፍሮ እየቆረጠሙ፣ ዳይሬክተሩ እማዬ ጆሮ ሥር ተጠግቶ ቡናማ ኮትህን አልጠየቃትም መሰለህ! እሷም ለማስታወሻ መስሏት ሰጠችው። በሁለተኛው ቅዳሜ ኮትህን ሌላ ሰው ለብሶት፣ ጀርባውን ሰጥቶን ሶፋ ላይ ተቀምጦ አየነው። ጀርባው ይታያል፤ ቤቲ ታወራለች፤ ከዚያ ቆርጠው ያንተን ፊት ያስገባሉ፤ ፊትህ ወደ ግራ አይቶ ፈገግ ይላል፣ አንገቱን አንዴ ዝቅ ያደርጋል። እንደገና የሰውየው ጀርባ። ይኸው ነው ጥበቡ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ። መነጽርህን ቤት ረስተህ ወደ ቀረጻ የሄድክ ቀን ነው። ይዤልህ መጣሁ፤ ሥራ ላይ ስለነበራችሁ ከካሜራው በስተግራ ቆሜ መነጽሩን ከፍ አድርጌ አሳየሁህ። አየኸኝ፣ ፈገግ አልክ፣ አንገትህን ዝቅ አድርገህ አመሰገንከኝ። ካሜራው እየቀረጸ ነበር። ያቺ ፈገግታ የእኔ ነበረች፤ የአቶ ደምሴም የቤቲም አልነበረችም። ኤዲተሩ ግን ከሬሳ ኪስ እንደሚፈትሽ ሰው ያገኛትን ወስዶ ለሁሉም አደላት። ቤቲ በሒሳብ ወደቀች፣ አንተ ፈገግ። ቤቱ ተዘረፈ፣ አንተ ፈገግ። ያ ፀጉሩ የሸሸ ጎረምሳ ሳሎንህ ገብቶ ከልጅህ ጋር እጅ ለእጅ ተያያዘ፣ አንተ አሁንም ፈገግ፣ አንገትህን ዝቅ! እኔ አንድ ልጅ ታክሲ ድረስ ቢሸኘኝ ሳምንት ሙሉ የኮረፍክ ሰውዬ!

እንዳልናገር ግን አፌ ታሰረ። በእናትህ ምክንያት።

እማማ እንደምታውቀው አባዶ ኮንዶሚኒየም ላይ፣ እህትህ ሐያት ጋ ናት፤ ጉልበቷ ከአራተኛ ፎቅ አያወርዳትም። አንተ የሞትክ ሰሞን ልቧን ታማ ገና ከሐኪም ቤት መውጣቷ ነበር። ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካት ብሎ ነበርና ቤተሰቡ ተሰብስቦ መርዶው ይቆይ አለ። ትንሽ ትጠንክር፣ ከዚያ እንደ ወጉ በማለዳ ሽማግሌ ይዘን እንሄዳለን ተባለ። ሐያት ከለቅሶ ስትመለስ ጥቁር ሻሿን ደረጃው ላይ አውልቃ በቀለማሙ እየቀየረች ትገባ ነበር። እናትህ፣ ልጅሽ ለቀረጻ ሐዋሳ ወርዷል፣ ፋታ የለውም፣ ኔትወርክም አይሠራም ተባለች። ቅዳሜ ሲመጣ ቴሌቪዥኑን እንከፍትላታለን፤ «ይኸው፣ አየሽው? ሥራ ላይ ነው» እንላታለን። ያንን የምንቀውን ድራማ ምስክር አድርገን አቆምነው። እኔ ራሴ አጠገቧ ተቀምጬ «ወፍሯል አይደል?» ብያታለሁ። እናትህም ዝም ብላ ታያለች። አንድ ነገር ብቻ ተለውጦ ነበር፤ ወንበሯን ከመሀል አስነስታ ወደ ግራ፣ ኩሽናው በር ጥግ አስደረገችው። ሐያት የመስኮቱ ብርሃን ዓይኗን ወግቷት ነው አለች፤ እኛም እሺ አልን።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ዳይሬክተሩ ደወለ። በመጨረሻው ክፍል አቶ ደምሴ እንደሚሞት፣ ለአንተም «ትልቅ መታሰቢያ» እንደተሠራልህ ሊያበስረኝ ነው። ቅዳሜ ነው የሚተላለፈው፤ እናትህ የልጇን መርዶ ከቤቲ አፍ ልትሰማ ነው። ሮጬ መገናኛ ወዳለው ኤዲቲንግ ክፍላቸው ሄድኩ። ኤዲተሩ እንደ ክብር እንግዳ አስቀምጦ አሳየኝ። ፎቶህ በሻማ ተከቧል፤ የእኛን ቤት ሃይማኖት እንኳ የጠየቀ የለም። የቤቲ ጉንጭ ስክሪኑን ሞልቶት አንድ የዓይን ጠብታ ይወርዳል፤ ብልቃጡ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ድሮኗ እንጦጦ ላይ ትዞራለች፣ ሚኒባሷም ለለቅሶ የመጣች ይመስል አልቀረችም። ከዚያ ፒያኖው፣ ከዚያ ያቺ ፈገግታዬ፣ በስሎው ሞሽን፣ በጥቁርና ነጭ። «አያምርም?» አለኝ።

አንድ ሳምንት ብቻ አቆዩልን ብዬ ለመንኳቸው። የእናትህን ነገር ሁሉ ነገርኳቸው። ዳይሬክተሩ ፀጉሩን እያከከ ማስታወቂያው ወጥቷል፣ ሕዝቡ እየጠበቀ ነው አለኝ። ሕዝቡ! እናትህ ከሕዝብ አትቆጠርም። ስወጣ ደግሞ ለቅሶ ስንቀመጥ የተነሳ ቪዲዮ ካለን መጨረሻው ላይ እንደሚገባ ነገረኝ። ምን ብዬ እንደሰደብኩት እዚህ አልጽፈውም፤ አንተ ስድብ አትወድም።

ዓርብ ገና ሳይነጋ ሽማግሌዎቹን፣ እማዬንና አጎቴን ይዘን አባዶ ደረስን። ደረጃውን ስንወጣ እማዬ በየፎቁ እየቆመች ትንፋሿን ትሰበስባለች። ሐያት በሩን ስትከፍት እያንዳንዳችን ማን ቀድሞ እንደሚናገር እየተያየን ነበር። እማማ ግን ለብሳ፣ ነጠላዋን የሐዘን አድርጋ፣ ቁጭ ብላ ጠበቀችን። «ግቡ፤ ቆያችሁ እኮ» አለች። «ሐያት ትናንት ከጎረቤት ወንበር ስትዋስ ዛሬ መምጣታችሁን አወቅኩ።»

ሐያት እግሯ ሥር ተደፍታ ጮኸች። እማማ የሐያትን ራስ እየዳበሰች፣ ለእሷ የምታወራ ሳይሆን ለሁላችንም፣ እንዲህ አለች፦ «ልጄ ሰው ሲያናግረው ሌላ ቦታ አያይም። ልጅቱ ፊቱ ቆማ ስታለቅስ እሱ ወደ ጎን እያየ ይስቃል። እኔ ያሳደግኩት እንዲህ አያደርግም። በሚቀጥለውም ያው፣ በሚቀጥለውም ያው። አዲስ ፊት ቢኖራቸው ኖሮ አዲስ ያሳዩኝ ነበር። እናንተ ለእኔ ብላችሁ ስትደብቁ አየሁ፤ እኔም ለእናንተ ብዬ ደበቅኩ።» ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው። ያ ሁሉ ካሜራ፣ ያ ሁሉ ቆርጦ መቀጠል፣ የአንዲት እናት ዓይን ላይ ሲደርስ አንድ ወር አልዘለቀም። አንተ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ትል አልነበር?

ቅዳሜ ለቀስተኛው ሲቀል ቴሌቪዥኑን ክፈቱልኝ አለች። ሐያት ተቆጣች፣ እማዬም ይቅርብሽ አለቻት። እማማ ድምፁን ዝጉትና ክፈቱልኝ፣ ልጄን ልሰናበተው አለች። ዘጋነው። ፒያኖ የለ፣ ሳቅ የለ፣ የምታስለዋ ሴትዮም የለች። እናትህ ያቺ ኩሽና በር ጥግ ያለች ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ጥግ ስክሪኑ በደንብ አይታይም፤ ወደ መሀል እናምጣሽ ብላት፣ ተይኝ፣ ወደዚህ ነው የሚያየው አለችኝ።

ለካ ብርሃኑ አልነበረም። ያ ሁሉ ቅዳሜ አንተ ወደምታይበት በኩል ሄዳ ስትጠብቅህ ነበር።

ያኔ የመነጽሩን ነገር ነገርኳት። የት ቆሜ እንደነበር፣ ለማን ፈገግ እንዳልክ ነገርኳት። ስክሪኑ ላይ አንተ በጥቁርና ነጭ፣ በዚያ ቀርፋፋ ስሎው ሞሽናቸው፣ ዓይንህን ወደ ግራ እያነሳህ ነበር። እማማ እጄን ሳበችና ከወንበሯ ጠርዝ ተጠጋችልኝ። «ታዲያ ነያ ልጄ፤ ቦታሽ ላይ ተቀምጬብሻለሁ» አለችኝ። ሁለታችን አንዲት ወንበር ላይ ተጣበን ተቀመጥን፤ አንተም አየኸን፣ ፈገግ አልክ፣ አንገትህን ዝቅ አደረግክ።

አባዬ፣ እነሱ በሚቀጥለው ምዕራፍ ቤቲን ዩኒቨርሲቲ ሊያስገቧት ነው፤ አዲስ አባትም እየፈለጉላት ነው አሉ። ይፈልጉላት። ኮትህን አስመልሻለሁ፤ ቁምሳጥንህ ውስጥ ነው። እኔ የማስታውስህ ያለ ፒያኖ ነው፤ ስታኮርፍ፣ ለረዳቱ ኪሳራ ስታዝን፣ ሰው ሲያናግርህ ፊቱን ትክ ብለህ ስታይ። እናትህ እስካለች ቅዳሜ ቅዳሜ አባዶ እየሄድኩ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ ቴሌቪዥኑን አንከፍተውም፣ ወንበሩን ግን ከዚያ ጥግ አናነሳውም።

አላህ ጀነት ያድርግልህ። መነጽርህ እኔ ጋ ነው።

ልጅህ ሰሚራ