ከጣቢያው ግድግዳ ላይ የጎደሉት ሥራ አስኪያጅ፦ የአቶ ተሻገር ሀብተማርያም የሕይወት ታሪክ

አቶ ተሻገር ሀብተማርያም ከአባታቸው ከአቶ ሀብተማርያም ደስታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቦጋለች በየነ፣ በድሬዳዋ ከተማ ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ በመጋቢት ወር 1945 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በምድር ባቡር ላይ ቲኬት ፈታሽ ስለነበሩ የቤቱ ሰዓት ባቡሩ ነበር፤ የጅቡቲው ባቡር ካላፏጨ ምሳ አይቀርብም። ትምህርታቸውን በዚያው ከተማ አጠናቀው በባቡሩ የጥገና ክፍል ተቀጠሩ። የሰፈራቸው ወጣቶች እየታፈሱ መታሰር ሲጀምሩ ግን፣ ራሳቸው በጠገኑት ሐዲድ ወደ ጅቡቲ ተሰደዱ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1986 ቶሮንቶ ገቡ፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ሬክስዴል በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይተው ቀን በአየር ማረፊያው አካባቢ ባለ ፋብሪካ እየሠሩ፣ ማታ የሥራ አመራር ትምህርት ተከታትለው በዲፕሎማ ተመረቁ። በ1989 ከወይዘሮ ጠጂቱ ብርሃኔ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ፅዮንንና ብሩክን ወልደዋል።

ስቶኒ ሆሎው የቅርስ ባቡር ከቶሮንቶ በስተሰሜን የሚገኝ፣ አሮጌ ፉርጎዎችንና አንድ የእንፋሎት ባቡር ጠግኖ ቅዳሜና እሁድ ጎብኚ የሚያሳፍር ማኅበር ነው። አቶ ተሻገር በ1995 በበጎ ፈቃደኝነት ገቡ። ወይዘሮ ጠጂቱ አልወደዱላቸውም ነበር። «ሰው ቅዳሜ ቤቱን ያያል፤ አንተ አሮጌ ብረት ስታሻሽ ትውላለህ» ይሏቸው ነበር።

በ2004 ማኅበሩ ዋና ሥራ አስኪያጅ አድርጎ ሾማቸው። የተረከቡት ጣራው የሚያፈስ ጣቢያና ደህና የሚባል አንድ ፉርጎ ነበር። በእርሳቸው ዘመን ሐዲዱ እስከ ድልድዩ ተጠግኖ ተከፈተ፤ ተማሪ በአውቶቡስ እየተጫነ ይመጣ ጀመር። የእኛም ሰው በዓመት አንድ ቀን ከዳንፎርዝም ከሬክስዴልም ተሰባስቦ አንድ ሙሉ ፉርጎ ይይዝ ነበር። ፉርጎ ውስጥ ምግብ ክልክል ነው፤ ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። የዚያን ቀን ግን ድስቱን እያዩ «መስኮት ክፈቱ» ብለው ብቻ ያልፉ ነበር። በሰዓት ቀልድ አያውቁም። ልጃቸው ብሩክ አንድ ጊዜ ዘግይቶ እየሮጠ ሲደርስ ባቡሩን አላስቆሙለትም፤ ከመስኮት እጃቸውን አውለብልበውለት ሄደዋል።

እዚህ ላይ የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ ሰው «በሥራቸውም የተመሰገኑ ነበሩ» ብሎ ያልፋል። እኛ አናልፍም። ስማቸው ጠፍቶ እንዳይቀበር ሲባል የሆነው ይነገራል።

በ2012 መጀመሪያ የቦርዱ ሊቀመንበር የጣቢያውን መሬት ለቤት ሠሪ ኩባንያ ለመሸጥ ተነሡ። (አንቱ የምንላቸው አቶ ተሻገር ስለሚሏቸው ነው እንጂ ከአንጀታችን አይደለም።) መሬቱ ከተሸጠ ባቡሩ መነሻ አይኖረውም። አቶ ተሻገር «እኔ እዚህ ወንበር ላይ እያለሁ አይሆንም» አሉ።

በፌብሩዋሪ እናታቸው ወይዘሮ ቦጋለች ድሬዳዋ ላይ ዐረፉ። እንደ ወጋችን ሽማግሌዎች ማልደው መጥተው መርዶውን ነገሯቸው፤ አቶ ተሻገርም ለቅሶ ተቀመጡ። ፅዮን በዚያው ጠዋት ቢሮው ኮል አድርጋ ሦስት ቀን እንደማይገቡ፣ ምክንያቱንም ጭምር አስረድታለች። ቦርዱ በማግሥቱ አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቶ «ሥራ ጥለው ጠፍተዋል» ብሎ አሰናበታቸው። እናቱን የሚያለቅስ ሰው ጠፋ ይባላል? በሩ ተከፍቶ፣ ኮሪደሩ በለቀስተኛ ጫማ ተሞልቶ!

በሦስተኛው ቀን ሊቀመንበሩና የቦርዱ ጸሐፊ ጥቁር ሱፍ ለብሰው ለቅሶ ቤቱ ድረስ መጡ። ስለ ቦርዱ ስብሰባ ማናችንም አልሰማንም ነበር። ወይዘሮ ጠጂቱ ሊያስተዛዝኑ የመጡ መስሏቸው ደስ አላቸው፤ «የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች መጡ፣ ቦታ ልቀቁላቸው!» ብለው ከባለቤታቸው ጎን አስቀመጧቸው። ምሳ ቀረበላቸው፤ በሉ። ሊቀመንበሩ ምስር ወጡን አስደግመዋል። እጃቸውን ከጠረጉ በኋላ ከኪሳቸው ነጭ ፖስታ አውጥተው ለአቶ ተሻገር ሰጡ።

ለቅሶ ቤት ፖስታ የሚሰጥ ሰው ምን እንደሚያስገባበት ሁላችንም እናውቃለን። የዕድራችን ሰብሳቢ አቶ ስለሺም ማጽናኛ መስሏቸው ብድግ አሉ። «ቴንክ ዩ ሶ ማች፣ ጌቶቼ! እግዜር ብድራችሁን በደስታ ይመልስልን!» ብለው መረቁ። ቤቱን የሞላው ሰው በአንድ ድምፅ አሜን አለ። የሰውዬውን የስንብት ደብዳቤ አሜን ብለን ተቀበልን! እስከ ዛሬ የሚያንገበግበን ይህ ነው።

አቶ ተሻገር ፖስታውን ከፍተው አነበቡ፤ አጥፈው ከጋቢያቸው ሥር ከተቱት። እንግዶቹን እስከ ኤሌቬተሩ ሸኙ። ለቀስተኛው ተሟጦ እስኪሄድ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። በኋላ ወይዘሮ ጠጂቱ ነገሩን ሲሰሙ ጮኹ። «በእናቴ ለቅሶ ላይ ጠብ አይነሣም። ደግሞም እንግዳ ናቸው» አሏቸው አቶ ተሻገር።

በዚያው ዓመት በጁን የአባላት ጉባኤ ተጠራ። አቶ ተሻገር እንደ ማንኛውም አባል ተነሥተው ስለ መሬቱ ብቻ ተናገሩ፤ ስለ ራሳቸው አንድ ቃል አልወጣቸውም። ሽያጩ በድምፅ ብልጫ ወደቀ። ባቡሩ ዛሬም የሚሄደው በዚያ ቀን ምክንያት ነው። ሥራቸው ግን አልተመለሰላቸውም፤ «ጥለው ጠፉ» የሚለውም ከመዝገብ አልተሰረዘም። በጣቢያው ግድግዳ ላይ ሥራ አስኪያጆቹ ሁሉ በፎቶ ተደርድረው ተሰቅለዋል፤ የእርሳቸው የለም። ግድግዳውን ያሠሩት እርሳቸው ነበሩ።

ከዚያ በኋላ በሪጀንት ፓርክ የአንድ ሕንፃ አስተዳዳሪ ሆነው እስከ ጡረታ ሠሩ። የልጅ ልጃቸውን ማቲን ይዘው፣ እንደ ሰው ቲኬት ገዝተው ባቡሩን ይሳፈሩ ነበር። ወይዘሮ ጠጂቱ ግን ፖስታው ከመጣባት ቀን ወዲህ ጣቢያውን ረግጠው አያውቁም።

በ2017 ኩላሊታቸውን ታመው በሕክምናም በጸበልም ሲረዱ ቆዩ። በመጨረሻዋ ሳምንት ወይዘሮ ጠጂቱ «እነዚያ ሰዎች ለቅሶህ ላይ ዝር አይሉም!» ቢሏቸው፣ አቶ ተሻገር «የመጣ ሰው አይመለስም። መጀመሪያ ይብሉ» አሉ። ኦክቶበር 9 ቀን 2018፣ በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ባለፈው ረቡዕ ሊቀመንበሩ ለፅዮን ኮል አድርገው፣ ለቀብሩ እንደሚመጡና ፎቷቸውን ግድግዳው ላይ መስቀል እንደሚፈልጉ ነግረዋታል። ሲሞቱ! ፎቶውን አንከለክልም። ነገር ግን ሊቀመንበሩ በማኅበሩ የአባላት ጉባኤ ፊት ቆመው፣ አቶ ተሻገር እናታቸውን ሲያለቅሱ ነበር እንጂ ሥራ ጥለው አልጠፉም ብለው እስኪናገሩ ድረስ ፎቶው ከቤታችን አይወጣም። ይህንን የሕይወት ታሪክ ፅዮን በእንግሊዝኛ ደግማ ታነበዋለች፤ አልሰማሁም የሚል እንዳይኖር።

አቶ ተሻገር ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጠጂቱን፣ ልጆቻቸውን ፅዮንንና ብሩክን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ማቲንና ሊሊን ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ማንም መጥቶ ከማያስነሣቸው ስፍራ ያስቀምጥልን፤ ለቤተሰባቸውም ብርታቱን ይስጥ።

ከቀብር መልስ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ምሳ ተዘጋጅቷል። ለሊቀመንበሩና ለጸሐፊው ከወይዘሮ ጠጂቱ ጎን ወንበር ተይዟል፤ ምስር ወጥም አለ። እንደ ኑዛዜያቸው መጀመሪያ ይበላሉ። እጃቸውን ሲጠርጉ ወይዘሮ ጠጂቱ መልሳችንን በነጭ ፖስታ ይሰጧቸዋል። አቶ ስለሺ ብድግ ብለው ይመርቃሉ፤ እኛም አሜን እንላለን።