ከማቀዝቀዣው ክፍል እስከ ኦቦ ጋሮማ ግድግዳ፦ የአቶ ስምዖን ወልደየስ የሕይወት ታሪክ

አቶ ስምዖን ወልደየስ ከአባታቸው ከአቶ ወልደየስ ደስታና ከእናታቸው ከወይዘሮ የወይንሐረግ ብሩ በ1949 ዓ.ም. አዲስ አበባ ጉለሌ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ተምረው፣ በቴክኒክ ትምህርት ቤት በማቀዝቀዣ ጥገና ሙያ ተመረቁ። ለብዙ ዓመታትም ሰበታ ውስጥ የሥጋና የወተት ማቀዝቀዣዎችን ሲጠግኑ ኖሩ። በ1978 ዓ.ም. ከወይዘሮ የሺሃረግ ታምሩ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው፣ ይህን የምጽፈውን እኔን ዕድላዊትንና ወንድሜን ወንዳፍራሽን አፍርተዋል። በ1996 ዓ.ም. ቡራዩ፣ ገፈርሳ አጠገብ ቤት ሠርተው ገቡ።

በ2001 ዓ.ም. በአንድ መሥሪያ ቤት የማቀዝቀዣ ጋዝ ተቆጣጣሪ ሆኑ። አየር የሚጎዳው አሮጌ ጋዝ ሲከለከል ዋጋው ጣሪያ ነካ፤ ነጋዴውም ወደ አዲሱ ዞረ። አዲሱ ሰማዩን አይጎዳም፣ ርካሽም ነው፣ ግን እንደ ማብሰያ ጋዝ ይቀጣጠላል። ስለዚህ መመሪያው ማሽኑ ከመኖሪያ ቤት እንዲርቅ ያዛል። አባታችን ይህችን አንቀጽ ሙጥኝ ያሉ ሰው ነበሩ። ምሳ ስንበላ ሳይቀር ያነሷት ስለነበር ሰልችቶን ነበር።

በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. አዲስ አበባን ወደ ዙሪያው ገበሬ መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ምክንያት አካባቢው ይታመስ ነበር። ጥይት ይተኮሳል፣ ጎማ ይቃጠላል፤ ሜትር ይዞ የታየ ሁሉ መሬት ሊወስድ እንደመጣ ይቆጠራል። አባታችን በዚያ ሰሞን ሜትር ይዘው ሱሉልታ ሄዱ። በአዲሱ ጋዝ የሚሠራ የአንድ ወተት ነጋዴ ማቀዝቀዣ ክፍል ከገበሬው ከኦቦ ጋሮማ መኝታ ቤት ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረውም ነበር። ሜትሩን ከክፍሉ እስከ ግድግዳው ሲዘረጉ፣ ኦቦ ጋሮማ ከእጃቸው ነጥቀው በዱላ መንጋጋቸውን ሰበሩት። የተሰበሰበው ሰው በድንጋይ ወገራቸው፤ ግራ ዓይናቸው እዚያው ፈሰሰ፣ መኪናቸው ነደደች። የሞቱ መስሏቸው ጥለዋቸው ሄዱ።

መሥሪያ ቤታቸው ሌላ ሰው ለመላክ ፈራ። አባታችን ግን እናታችን እያለቀሱ ቢለምኗቸውም፣ መንጋጋቸው በሽቦ እንደታሰረ ባዶ እጃቸውን ተመልሰው ሱሉልታ ሄዱ። “ኦቦ ጋሮማ፣ መሬትዎን አልፈልግም። ልጆችዎን ብቻ ከዚህ ግድግዳ ሥር አያስተኟቸው” አሏቸው። ኦቦ ጋሮማ በሩን ዘጉባቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ድንቅቱ ግን በዚያው ዕለት የልጆቹን መኝታ ወደ ሌላው ክፍል አዛወሩ።

በሚያዝያ ጋዙ አፈትልኮ ፈነዳ። የማቀዝቀዣው ክፍል ጠባቂ አቶ ደገፋ እሳቱ ውስጥ ቀሩ። የኦቦ ጋሮማ ግድግዳም ልጆቹ ይተኙበት በነበረው ባዶ መደብ ላይ ተደረመሰ። በማግስቱ ኦቦ ጋሮማ ቡራዩ ቤታችን መጥተው አባታችን እግር ላይ ወደቁ። አባታችን አንስተው ምሳ አበሏቸው። ይቅር ያሉት አባታችን ናቸው፤ እኔ ገና ነኝ።

አባታችንን ከድብደባው ወዲህ ራስ ምታት አልለቃቸው ብሎ ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ የካቲት 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ንጋት ላይ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጃቸውን ማርያማዊትን ትተውልን ሄደዋል። የኦቦ ጋሮማ ልጆችም አባባ ይሏቸው ነበርና ከእኛ ጋር ይቆጠሩ።

ትናንት ከሰዓት መቃብሩ ሲለካ፣ ኦቦ ጋሮማ ያን ዕለት ከአባታችን እጅ የነጠቁትን ሜትር ይዘው መጡ። አንዱን ጫፍ እሳቸው ያዙ። ሌላውን እኔ ያዝኩ።

እግዚአብሔር የአባታችንን ነፍስ መሬት በማይለካበት፣ ድንጋይ በማይወረወርበት አገሩ ያሳርፍልን። አሜን።