ቄጠማው በእርጥብ ጆንያ ውስጥ ነው

ፀደይዬ፣

የፍላቂት ሚኒባስ ሊነሳ ነው፤ ባጭሩ ልጻፍልሽ።

የኩሬው መዝጊያ ቁልፍ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ዝናብ ከጣለ ቶሎ ብለሽ ውሃውን ካገዱት ሳንቃዎች አንዱን ንቀይ፤ አለዚያ ውሃው ታች እማማ ገለቴ ቤት ይገባል። "ውሃ ዳር ያለ ቤት ነው ብለው አከራይተው፣ ቤት ውስጥ ያለ ውሃ ሰጡኝ" እያሉ ለመንደሩ ሲናገሩ ከርመዋል። እውነታቸውን ነው።

ትናንት የጮህኩት በሳንቃው ነው። አንቺ አጠገቡ ነበርሽ።

ካሜራ ማኑ ለሰርጋችሁ ፎቶ ኩሬው ጢም ብሎ ይሙላልኝ ብሏል አሉ። ይሙላላችሁ። እስከ ዛሬ ዝቅ አድርጌ የያዝኩት ዳር ዳሩን የተከልኩት ቄጠማ እንዳይሰጥም ብዬ ነበር።

ለእኔና ለደሳለ ሰርግ እንደተከልኩት ታውቂያለሽ። አሁን ሙሽራሽ የሆነው እሱም ያውቃል፤ ሥሩን ከገነተ ማርያም ምንጭ ዳር ተሸክሞ ያመጣው እሱ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሁሉንም አጨድኩት። በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ጓዳ አኑሬልሻለሁ፤ ሙሽሮቹ የሚቀመጡበት ሥር ጎዝጉዢው። ለሁለት ሰው ይበቃል።

ሚዜሽ የት ሄደች ካሉሽ ጫማ አጣች በያቸው።

ሳንቃውን እስከ ላይ ደርቢው። ከእንግዲህ የሚሰጥም ነገር የለኝም።

የትናየት