ጤዛ ያልነካው ጫማ

ለልጆቼ አባት፣

እንደምን ከርመሃል? ያ ጉልበትህ ላይ የሚነሳብህ ቁርጥማት ተወህ ወይስ አሁንም ደረጃ ሲያስወጡህ ያምሃል? እኛ ደህና ነን። ልጆቹ ደህና ናቸው፤ ይህን ለመጻፍ ከመቀመጤ በፊት ሄጄ ግንባራቸውን ዳስሼ መጣሁ። ለምን እንደዳሰስኩ ወደ ኋላ እነግርሃለሁ። እናትህ ሰላም ብላሃለች። ዓይኗ ከአምናው ይልቅ ደክሟል፤ ጆሮዋ ግን ዶሮ ስታንቀላፋ ይሰማል።

በስልክ ያልነገርኩህ ስልክህን የሚያነሳው ጸሐፊህ ስለሆነ ነው። "ጃቴሎ ስብሰባ ላይ ናቸው" ይለኛል። ሚስቱ ነኝ ስለው "የትኛዋ?" አለኝ። በትሕትና ነው የጠየቀኝ። ስለዚህ ወረቀት ይሻላል፤ ወረቀት የትኛዋ አይልም።

ጃቴሎ። ይህ ቃል ሰሞኑን ጆሮዬ ውስጥ እንደ ትንኝ ገብቶ አልወጣ ብሎኛል። በእኛ አፍ ፊት የሚሄድ ማለት ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም። አባቴ ወደ ገበያ ሲወስደን መንገዱ ሣር የዋጠው፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ነበር። እሱ ፊት ይሄዳል። ገበያ ስንደርስ የሱ ሱሪ በጤዛ እስከ ጉልበቱ ርሷል፤ የእኛ እግር ደረቅ ነው። እባብ ቢኖርም መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነበር። ያን ጊዜ ግን ማንም በዚህ ቃል ሲጠራው አልሰማሁም።

ዛሬ ያልሆነ የለም። የሞተር ብስክሌት ነጂዎቹ አለቃ ጃቴሎ ነው። ቀብር ላይ ሬሳ ፀሐይ ላይ አቁሞ ለንግግሩ ድምፅ ማጉያ የሚቀማው ጃቴሎ ነው። በገና ቤተ ክርስቲያን ዘግይቶ ገብቶ ሽማግሌዎቹን ከፊተኛው ወንበር ያስነሳው፣ እሱም። ኦዴሮ እንኳ፣ የገዛ ታናሽ ወንድምህ፣ ስምህን ከተወ ቆየ። "ጃቴሎ መቼ ነው የሚመጣው?" ይለኝ ነበር፣ ሰማይ ሰማይ እያየ።

ዝናቡ መጥቶ ነበር፤ አንተ ነህ ያልመጣኸው። ሥርዓቱን ረሳኸው ይሆን? የበኩር ልጅ በሚስቱ ቤት ያድራል፤ ማለዳ ሚስቱ የመጀመሪያውን ፍሬ መሬት ታስገባለች፤ ከዚያ በኋላ ነው የታናሹ ቤት የሚዘራው። እናትህ ዶማዋን ለእኔ ካስረከበች ወዲህ ፊተኞቹ እኔና አንተ ነን። ተራውን የጣሰ የቺራ እርግማን ይገባበታል። ልጆቹ ሳይታመሙ ይከሳሉ፣ ይከሳሉ፣ ያልቃሉ። እዚያ ሆነህ ትስቅበት ይሆናል። የኦዴሮ ሚስት አዎር አትስቅም። አምና አንተን ስንጠብቅ ዝናቡ አለፈ፤ የአዎር በቆሎ ፍሬ ሳይዝ ደረቀ፤ ልጆቿን በእህቶቿ ቤት በትና ነው የረሃቡን ወራት የተሻገረችው። ዘንድሮም ዘሯን በቅል ይዛ በየማለዳው ደጄ ትቀመጥ ነበር። ቅሉን ብቻ ታንቀጫቅጨው ነበር።

የጎረቤት በቆሎ ጣት አክሎ ነበር። የእኛ መሬት ታርሶ ጥቁር እንደሆነ ተኝቶ ነበር።

ያን ቅዳሜ መኪኖችህ ሲመጡ አዎር ቅሏን አስቀምጣ እልል አለች። አንተ ግን ቤትህን አልፈህ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ሄድክ። ሜዳው ጭቃ ነበር፤ ጎረምሶቹ ተሸክመው አሻገሩህ፣ ጃቴሎ፣ ጃቴሎ እያሉ። እኔ ጫማህን አየሁ። ጤዛ እንኳ አልነካውም። ሰው በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ፊት ይሄዳል ይባላል? ይህን ሳሰላስል ንግግርህ አመለጠኝ። ብዙም የቀረብኝ አይመስለኝም።

ከዚያ ለሕዝቡ ምርጥ ዘር አደልክ። ካሜራ ፊት ጎንበስ ብለህ የትምህርት ቤቱ መሬት ላይ ጥቂት ፍሬ ቀበርክ። የሰው መሬት ላይ፣ የራስህ ቤት ሳይዘራ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ኦዴሮ ሮጦ ለእናትህ ነገራት። ከማን ጋር ሆኖ ነው የዘራው ብላ ጠየቀች። ከካሜራው ጋር አላት።

"እንግዲያ ካሜራው ይኮትኩትለት" አለች።

ወደ ማታ ቤቴ ገባህ። የበቆሎ ዱቄት ኡጋሊውንና ዓሣውን አቀረብኩ፤ ሻይ ብቻ ጠጣህ። አልጋውን አንጥፌ ነበር። ናፍቆት እንዳይመስልህ፤ መሬቱ ነው ያስነጠፈኝ። ዛሬን ብቻ እደር አልኩህ። ስልክህን እያየህ "እኔ እኮ አሁን የሕዝብ ነኝ" አልከኝ። አዎር ሕዝብ አይደለችም ወይ ስልህ ሳቅክ፤ መድረክ ላይ የምትስቀውን ሳቅ። በፊተኛው በር አቤት ባዮች ተሰብስበው ስለነበር በጓሮ፣ በቅንጭቡ አጥር ቀዳዳ ሾልከህ ወጣህ። መኪናህ እዚያ ይጠብቅህ ነበር። ገና ደንገዝገዝ ሲል ነው። ማንም አላየህም።

ማለዳ እናትህ በትሯን እያስቀደመች ደጄ መጣች። አዎርና ኦዴሮ ከኋላዋ ናቸው። ቅሉ እየተንቀጫቀጨ ነው።

"አደረ?" አለችኝ።

"አድሯል፤ ጎህ ሳይቀድ ነው የወጣው።"

ፊቷን ወደ እኔ እንዳዞረች ቆየች። አይታየኝም ትላለች። ግን ቆየች።

"እንግዲያ ዶማሽን አንሺ" አለች።

መንገዱ ላይ ጤዛ ነበር። ፊት ሄድኩ፤ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ራሰ። የመጀመሪያውን ፍሬ አስገብቼ አፈር አለበስኩት። ከእኔ በኋላ አዎር ዘራች። ስትዘራ ታንጎራጉር ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ ነው የልጆቹን ግንባር የምዳስሰው። ክንዳቸውንም እለካለሁ፣ በጣቶቼ ቀለበት። ትንሹ ትናንት እራቱን አልጨረሰም። ዓሣ አልወድም አለኝ። ዓሣ ወዶም አያውቅ። ቢሆንም ክንዱን ደግሜ ለካሁት። ቺራ ቢመጣ የሚፈልገው የዋሸችውን ነው ወይስ ትቶ የሄደውን? አንተን ቢፈልግ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሳልደብቅ ልንገርህ። ግን ናይሮቢ ድረስ የሚሄድ አይመስለኝም። እሱም እንደ እንግዳ፣ ቤት የተቀመጠውን ነው የሚያገኘው።

በቆሎው በቅሏል። የአዎር ከእኔም ይበልጣል። ሰዎች መንገድ ላይ አስቁመው ያመሰግኑሃል፤ ጃቴሎ ዘንድሮ ቤታቸውን አልረሱም ይሉኛል። ምስጋናውን ውሰደው፤ ማሳ ላይ አይበቅልም።

ትናንት ከእናትህ ጋር ባቄላ ስንፈለፍል፣ ሳልጠይቃት፣ "ያን ዕለት ማታ በጓሮ በኩል ነጎድጓድ ሰማሁ" አለች። "ወደ ኪሱሙ መንገድ ወረደ።"

ያን ማታ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። በጓሮ የጮኸው መኪናህ ብቻ ነው።

"ነጎድጓድ ነው" አለች ደግማ። "ማንም ቢጠይቅሽ። ለከርሞ ደግሞ ነጎድጓድ አንጠብቅም።"

እንግዲህ አምላክ ጤናህን ይስጥህ። ጉልበትህን ይማርልህ፤ ከካሜራ ውጭ መጎንበስ ያስፈለገህ ቀን እንዳይከዳህ። የወለድካቸውን ያሳድግልህ።

ስትመጣ በፊተኛው በር ና። የአጥሩን ቀዳዳ ኦዴሮ በእሾህ ደፍኖታል። እኔ ድፈነው አላልኩትም።

የልጆችህ እናት