የታምራት ማሊያ

እሁድ፣ ጥር 17 ቀን 1990 ዓ.ም.
ነፋስ ስልክ

ጉልበቴ ከተጎዳ ወዲህ መጫወት አልችልም። ዛሬ የሰፈራችን አሰልጣኝ ጋሽ መርዕድ ቡድኑን ለእኔ ሰጡኝ። «አሰልጣኝ መሆን ካማረህ መጀመሪያ ጓደኛህን አስወጣ» አሉኝ።

ያለን ማሊያ አሥራ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ የሚወጣው አውልቆ ለሚገባው ይሰጣል። ከእረፍት በኋላ ታምራትን ጠራሁት።

«እኔን ነው?» አለ።

«አውልቅ!» አልኩት።

ማሊያዎቹን የሰፉልን እናቱ ዳር ቆመው ያያሉ። ባዶ ደረቱን በክንዱ ሸፍኖ ሄደ፤ እሳቸው ነጠላቸውን አለበሱት። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ተሸነፍን። ጋሽ መርዕድ ግን ትከሻዬን መታ አድርገው፣ «አሁን አሰልጣኝ ሆንክ» አሉኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ታምራት ዛሬ ከሁሉም በልጦ ሲጫወት እያየሁ ነው ያስወጣሁት።